ሙስሊም አገር ስለሆነ ብቻ ሁሉም ሐላል አይሆንም፦ ስለ ሐላል ቱሪዝም ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አንዲት ወዳጄ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አንብቢውና የሚመስልሽን ንገሪኝ፤ እኔን ግማሹ አሳምኖኛል» ትላለች። ጽሑፉ ስለ ሐላል ቱሪዝም ነው፤ ምግቡም ማረፊያውም መዝናኛውም ለሙስሊም ተጓዥ በሃይማኖቱ እንዲፈቀድለት ተደርጎ ስለሚዘጋጅ ጉዞ ማለት ነው። የጻፉት ሙስሊም ወንድማችን ናቸው። አጻጻፋቸው የተረጋጋ ነው፤ ማንንም አይሳደቡም። ስለዚህ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ግን እስክሪብቶ ይዤ ነበር።

ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። በሙስሊም አገር «ሐላል ቱሪዝም» ማለት ትርጉም የለውም፤ አገሩ ሙስሊም ከሆነ ሁሉም ነገር ሐላል ነው። ነገሩ በሃይማኖት ስም ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው። ሴቶችን ከግንብ ጀርባ ያስቀምጣል። ሌላ እምነት ያላቸውን ጎብኚዎች ያሸሻል፤ አገሮቹም ገቢ ያጣሉ። በመጨረሻም፣ ሙስሊም ለሐጅና ለዑምራ ካልሆነ ለመዝናናት ብሎ አገር ላገር መዞር አይገባውም ይላሉ።

በየተራ ልሂድበት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አገሩ ሙስሊም ከሆነ ሁሉም ነገር ሐላል ነው»

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ዱባይ ነው። እናቴን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር የወጣሁት ወደዚያ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ልንበላ ቡፌው ፊት ቆምን። እናቴ ቋሊማውን አየችና አስተናጋጁን እንድጠይቅላት ነገረችኝ። «ማን ነው ያረደው በይልኝ።» ልጁ ፈገግ ብሎ «እዚህ ሁሉም ሐላል ነው» አለን። ሁለት እርምጃ ራመድ ስንል ሌላ ትሪ ላይ «ለሙስሊም ያልሆኑ እንግዶች» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። የአሳማ ሥጋ ነው። ያው አንድ ማንሻ ከዚህ ትሪ ወደዚያ ትሪ ሲዘዋወርም በዓይኔ አየሁ። እናቴ አራት ቀን ሙሉ ዳቦና እንቁላል በላች።

አስተናጋጁ ክፉ ሰው አልነበረም። እንደ ጸሐፊው ነው ያሰበው። አገሩ ሙስሊም ነው፣ ስለዚህ ጥያቄው ራሱ አያስፈልግም።

ማልዲቭስን ተመልከቱ። በሕገ መንግሥቷ መሠረት ዜጋ ለመሆን ሙስሊም መሆን ግድ ነው። ከዚህ የበለጠ ሙስሊም አገር ከየት ይመጣል? ለእንግዳ ግን አገሪቱ ሁለት ናት። ሕዝቡ በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ መጠጥ ክልክል ነው። ሪዞርት የተሠራባቸው ደሴቶች ላይ ደግሞ ቢራም፣ ወይንም፣ የአሳማ ሥጋም ይቀርባል። የመጀመሪያው ሪዞርት በ1972 ከተከፈተ ጀምሮ አሠራሩ «አንድ ደሴት፣ አንድ ሆቴል» የሚል ነው። ቱሪስቱ ለብቻው፣ ሕዝቡ ለብቻው። ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያ ቤት እንዲከፈት የተፈቀደው በ2009 ነው። ዛሬ ማፉሺን በመሰሉ ደሴቶች የአካባቢው ሰው በራሱ ቤት እንግዳ ያሳድራል። አዛን ይሰማል። መጠጥ የለም። ቢኪኒ መልበስ ለሚፈልጉ የውጭ ሴቶች ተከልሎ የተሰጠ የባሕር ዳርቻ አለ፤ ስሙም «ቢኪኒ ቢች» ነው።

እንግዲህ «ማልዲቭስ ሙስሊም አገር ነው» ብሎ ዝም ብሎ ትኬት የቆረጠ ቤተሰብ ከሁለቱ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ በምን ያውቃል? መጠየቅ አለበት። የሚመልስለትም ሰው ያስፈልገዋል። ሐላል ቱሪዝም ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ይኸው መልስ ነው።

ማሌዥያም እንዲሁ ናት። ከኳላ ላምፑር ብዙም ሳይርቅ ጌንቲንግ ሃይላንድስ የሚባል ተራራ ላይ የተሠራ መዝናኛ አለ። በውስጡ ከ1971 ጀምሮ የሚሠራ ካዚኖ አለ፤ ሙስሊም ግን እንዳይገባ ክልክል ነው። መንግሥቱ ራሱ «በአገሬ ያለው ሁሉ ለሙስሊም የሚሆን አይደለም» እያለ ነው። ሞሮኮ ደግሞ በመክነስ አካባቢ ወይን ጠጅ የምታመርት አገር ናት። ይህን የምለው አገሮቹን ለመውቀስ አይደለም። «ሙስሊም አገር» የሚለው ቃል የሕዝቡን እምነት እንጂ የሆቴሉን ወጥ ቤት አይነግረንም ለማለት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን ከማንም በላይ መረዳት ያለብን ይመስለኛል። ያደግነው የሉካንዳ ቤቱ በር ላይ ጨረቃ ይሁን መስቀል ያለው ቀና ብለን አይተን ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም እንደዚሁ። ሰርግ ላይ ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፤ ማንም አይቀየምም። አገር ቤት መንገድ ላይ ግራ ሲገባን ደግሞ ዘዴ አለን፤ «የጾም አለ?» ብለን ሽሮ እናዛለን። የክርስቲያኖቹ ጾም ስንቴ ከችግር አውጥቶናል! ውጭ አገር ግን ሽሮ የለም። እናቴ ዳቦና እንቁላል የበላችው ለዚህ ነው።

«ሴቶችን ከግንብ ጀርባ ያስቀምጣል»

የጸሐፊውን ቅደም ተከተል ትቼ ወደዚህ ልለፍ፤ ከሁሉ የከነከነኝ ይኸኛው ነው።

እኔ ሂጃብ የምለብስ ሴት ነኝ። ውሃ እወዳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግብጽ፣ ቀይ ባሕር ዳርቻ አንድ ሆቴል አረፍኩ። ስሙን አልጠራም። መላ ሰውነት የሚሸፍነውን የዋና ልብሴን፣ ቡርኪኒ የሚባለውን ለብሼ ወደ ገንዳው ወረድኩ። ጠባቂው እየሮጠ መጣ። «በዚህ ልብስ አይቻልም፤ ውሃውን ያበላሻል» አለኝ። ልብሱ ለዋና ተብሎ የተሠራ እንደሆነ ነገርኩት። «ወይ ቀይሪ ወይ ውጪ» አለኝ። ቢኪኒ ለብሰው የሚዋኙት ሴቶች ዞር ብለው ያዩኛል። ወጣሁ። ክፍሌ ገብቼ ልብሴን ስቀይር የዐስር አዛን ተሰማ። በሙስሊም አገር፣ በአዛን መሐል፣ ሸፍነሽ ስለለበስሽ ውጪ ተባልኩ።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። ግብጽም ሞሮኮም ያሉ ሴቶች ይህን ነገር ለዓመታት ሲጮኹበት ኖረዋል። የየአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ በገዛ አገራቸው። ታዲያ ጸሐፊውን ልጠይቅ። እኔን ያገለለኝ የትኛው ነው? ሐላል ሆቴሉ ወይስ ይኼኛው?

አሁን ወደ ግንቡ ልምጣ። ቱርክ ውስጥ እንዲህ ያለ አገልግሎት ይዞ የተነሣው የመጀመሪያው ትልቅ ሆቴል በ1996 ዲዲም ከተማ የተከፈተው ካፕሪስ ነው። ዛሬ በአላንያና በአንታሊያ ዙሪያ ብዙ አሉ። ቱርኮቹ ወግ አጥባቂ ሆቴል ይሏቸዋል። መጠጥ አይሸጥም። መስገጃ ቦታ አለ። ለሴቶች ብቻ የተለየ ገንዳ፣ አንዳንዶቹ ጋ የተለየ የባሕር ዳርቻም አለ። መግቢያው ላይ ስልክሽን ታስረክቢያለሽ፤ ፎቶ እንዳይነሳ ነው። ነፍስ አድን ሠራተኞቹ ሴቶች ናቸው።

አላንያ ከእናቴ ጋር እንዲህ ያለ ቦታ አረፍን። ሴቶቹ በር ውስጥ ገብተን ሂጃባችንን ስናወልቅ፣ እናቴ መጀመሪያ ግራና ቀኝ ዞራ አየች። ወንድ የለም። ስልክ የለም። ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ እግሯን ነከረች። በሦስተኛው ቀን እስከ ወገቧ ገባች፤ እጄን ግን አለቀቀችም። ከስልሳ ዓመት በላይ ኖራ ባሕር ውስጥ ስትገባ ያ የመጀመሪያዋ ነው። አጠገባችን አንዲት ከጀርመን የመጣች ቱርካዊት አያት ከልጅ ልጆቿ ጋር ውሃ ይረጫጫሉ። ጸሐፊው ግንቡን ያዩት ከውጭ ሆነው ነው። እኔ ያየሁት ከውስጥ ነው። ከውስጥ ሲታይ ግንቡ እኛን ለማሰር የቆመ አይመስልም። የሌላ ሰው ዓይን እንዳይገባ የቆመ ነው።

ደግሞ ማንም አስገድዶ አላስገባንም። በዚያው ሆቴል ለቤተሰብ የሚሆን የጋራ ቦታም አለ። ከፈለግሽ እዚያ፣ ካልፈለግሽ እዚህ። ከሆቴሉ ውጭ ደግሞ ያ ሁሉ የአንታሊያ ባሕር ዳርቻ ለማንም ክፍት ነው።

አንድ ነገር ግን እቀበላቸዋለሁ። አንዳንድ ቦታ ለወንዶቹ ሰፊው የባሕር ዳርቻ ይሰጥና ለሴቶቹ ጣሪያ ስር ያለች ጠባብ ገንዳ ትደርሳቸዋለች። ሴቶቹ የሚዋኙበት ሰዓትም ሰው ሁሉ ምሳ በሚበላበት ሰዓት ይደረጋል። ይህ ያናድደኛል። ዋጋው ለወንድም ለሴትም እኩል ሆኖ ቦታው ለምን ያንሳል? ጸሐፊው ይህን ነጥብ አንስተው ቢሆን ኖሮ አብሬያቸው እጮህ ነበር። መፍትሔው ግን የሴቶቹን ቦታ ማስፋት ነው፤ ማጥፋት አይደለም።

«በሃይማኖት ስም ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው»

ቱሪዝም ንግድ ነው። የሉካንዳ ቤቱም ንግድ ነው፤ የሐጅ ትኬት የሚቆርጠውም ድርጅት ንግድ ነው። ስለተነገደበት ብቻ ነገሩ ሐሰት አይሆንም። ጥያቄው የተከፈለበት ነገር በእርግጥ አለ ወይስ የለም ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። «ሐላል» የሚለውን ቃል ለጥፎ ዋጋ የሚጨምር አለ። ሥጋውን ብቻ ሐላል አድርጎ ድስቱን የማይለይም አለ። በዚህ ጉዳይ ብዙ የደከመችው ማሌዥያ እንኳ አልዳነችም። በ2020 መጨረሻ ላይ ጆሆር ውስጥ ከውጭ በድብቅ የገባ ሥጋ የሐሰት የሐላል ማኅተም እየተመታበት ሲሸጥ ነበር ተብሎ አገሩ ሁሉ ታመሰ። ሰው አዘነ፤ ተናደደ።

ግን ማሌዥያኖች ከዚያ በኋላ «እንግዲያውስ ሐላል የሚባለው ነገር ይቅር» አላሉም። «ቁጥጥሩ ይጥበቅ» ነው ያሉት። አገሪቱ የሐላል ማረጋገጫ መስጠት የጀመረችው በ1974 ነው። ዛሬ ሥራው የመንግሥት ነው፤ ጃኪም የሚባለው የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ይሰጠዋል። በ2011 በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት ሳይፈቀድለት «ሐላል» ብሎ የለጠፈ ይቀጣል። በ2009 የእስላማዊ ቱሪዝም ማዕከል ተቋቋመ። በ2015 ደግሞ ኤምኤስ 2610 የሚባል የአገልግሎት መስፈርት ወጣ፤ ለማረፊያ ቤቱ፣ ለአስጎብኚ ድርጅቱና ለአስጎብኚው ምን እንደሚጠበቅባቸው ተጽፎ ተቀመጠ። አንድ ሆቴል የሐላል ምስክር ወረቀት አለኝ ሲል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ የወጥ ቤቱ ወይም የምግብ ቤቱ ነው፤ የሕንጻው ሁሉ አይደለም። ይህን ልዩነት ማወቅ ብቻውን ከስንት ክርክር ያድናል።

ዋጋውንም እንየው። ጣሪያው ላይ ወይም መሳቢያው ውስጥ ወደ ቂብላ፣ ስንሰግድ ወደምንዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ የምታመለክት ቀስት መለጠፍ ስንት ያስወጣል? አንድ መስገጃ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥስ? መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ መታጠቢያ የሚሆን ትንሽ የውሃ ቱቦ ማድረግስ? በረመዷን ቁርሱን ወደ ሱሁር፣ ጾሙ ሳይጀምር ሌሊት ወደሚበላበት ሰዓት ማዛወርስ? ማሌዥያም ኢንዶኔዥያም በተራ ሆቴሎች ውስጥ ሳይቀር የቂብላ ቀስት ታገኛላችሁ። ማንም ለዚያ ተብሎ ተጨማሪ አይከፍልም። ማልዲቭስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መጠጥ የማይሸጥባቸው የቤተሰብ ማረፊያዎች ከሪዞርቶቹ ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ርካሽ ናቸው። ለሙስሊሙ የሚመቸው ማረፊያ ለኪሱም የሚመቸው ሆነ ማለት ነው። ጸሐፊው ያነሱት ውድ ፓኬጅ አለ፤ አልክድም። ግን ያ የሐላል ቱሪዝም አንዱ ጥግ ነው።

«ሌሎች ጎብኚዎችን ያሸሻል»

ይህን በቶሎ ልለፈው፤ መልሱ ቁጥሩ ላይ አለ። ቱርክ በ2023 ከ49 ሚሊዮን በላይ የውጭ ጎብኚዎችን ተቀብላለች። በብዛት ቀዳሚዎቹ ሩሲያውያን፣ ጀርመኖችና እንግሊዞች ነበሩ። የሴቶች ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች ከጎናቸው ስላሉ ማናቸውም አልቀሩም። ሳዑዲ ዐረቢያ መጠጥ የከለከለችው በ1952 ነው። በመስከረም 2019 ለ49 አገር ሰዎች የቱሪስት ቪዛ ስትከፍት ሕጉን ለቱሪስት ብላ አላነሳችም። ሆኖም ከአውሮፓ ሳይቀር ሰው አል ዑላ ድረስ ሄዶ የጥንቷን የሄግራ ከተማ የድንጋይ መቃብሮች ያያል። ሲንጋፖር ደግሞ ሙስሊም አገር እንኳ አይደለችም። ግን ማስተርካርድና ክሬሰንትሬቲንግ በሚያወጡት የሙስሊም ጉዞ መለኪያ ከሙስሊም አገሮች ውጭ ካሉት በተደጋጋሚ አንደኛ ናት። ለሙስሊሙ ተጓዥ የሚያስፈልገውን ማሰናዳት ሌላውን ማባረር ቢሆን ኖሮ ሲንጋፖር መጀመሪያ አትነካውም ነበር።

ሆኖም የቶባ ሐይቅን ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም። ጸሐፊው ባይጠቅሱትም ለእሳቸው ክርክር የሚሆነው ምርጥ ምሳሌ እሱ ነበር። ቶባ ሰሜን ሱማትራ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነው። ዙሪያውን የሚኖሩት ባታኮች በአብዛኛው ክርስቲያኖች ናቸው። አሳማ የድግሳቸውም የባህላቸውም አካል ነው። በ2019 ከአካባቢው ባለሥልጣናት «ቶባን ሐላል መዳረሻ እናድርግ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ሕዝቡ ተቃወመ። ልክ ነበሩ። እንግዳ መጥቶ የባለቤቱን ማዕድ አይቀይርም። ለሙስሊሙ እንግዳ ሐላል ምግብ ቤት መጨመር አንድ ነገር ነው። የባታኮቹን አሳማ ከዓይን ማራቅ ሌላ ነገር ነው። በሌላዋ የኢንዶኔዥያ ደሴት በሎምቦክ ላይ፣ «የሺህ መስጂዶች ደሴት» በምትባለው፣ ያው ሐሳብ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ገጠመ። በ2015 አቡ ዳቢ ላይ ስለ ሐላል ጉዞ ሽልማት ሲሰጥ ሎምቦክ ተሸልማለች። ቶባ ግን ሎምቦክ አይደለችም። የሐላል ቱሪዝም ደጋፊዎች ነን የምንል ሰዎች ይህን ልዩነት ካልያዝን ጸሐፊው የሚፈሩት ነገር እውነት ይሆናል።

«ሙስሊም ለመዝናናት አይጓዝም»

እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ፈትዋ ልሰጥ አልችልም። ግን ጸሐፊው የጠቀሱት ሐዲስ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ መሰለኝ። ሐዲሱ ጓዝ ጠቅልሎ ጉዞ ለሦስት መስጂዶች ካልሆነ አይደረግም ይላል፤ መካ ላለው መስጂደል ሐራም፣ መዲና ላለው የነቢዩ መስጂድና ኢየሩሳሌም ላለው አቅሳ። ብዙ ዑለማዎች ያብራሩት ግን ነገሩ ስለ አምልኮ ቦታ እንደሆነ ነው። በዚያ ቦታ መስገድ የተለየ አጅር (ምንዳ) አለው ተብሎ የሚጓዝበት መስጂድ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው ማለት ነው። ለንግድ፣ ለትምህርት፣ ዘመድ ለመጠየቅ፣ የአላህን ፍጥረት ለማየት መሄድን አይነካም። እንደዚያ ባይሆን ሶሐቦቹ፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ እንዴት ለንግድ ሻም (ወደ ሶርያ ምድር) ይወርዱ ነበር?

ቁርኣን ራሱ ቁረይሾችን የክረምትና የበጋ ጉዟቸውን ያነሳባቸዋል። በሱረቱል ዐንከቡት ደግሞ በምድር ላይ ሂዱና አላህ ፍጥረትን እንዴት እንደጀመረ ተመልከቱ ይላል። ሸሪዓው ለመንገደኛ ባለአራት ረከዓውን ሶላት ሁለት ያደርግለታል። በረመዷን ጾሙን ፈቶ በሌላ ቀን እንዲከፍል ይፈቅድለታል። መንገደኛን እንዲህ የሚያስብ ሃይማኖት ጉዞን ይጠላል ብዬ አላምንም። የእናቴም ጉዞ ከዚህ የወጣ አልነበረም። ሶላት አላመለጣትም፤ ሐራም አልበላችም፤ ባሕሩን ስታይ «ሱብሓነላህ» ነው ያለችው።

ኢብን በጡጣንም አስቡ። በ1325 ከታንጀር ሲወጣ የ21 ዓመት ልጅ ነበር፤ የወጣውም ለሐጅ ነው። ሐጁን አድርጎ ግን አልተመለሰም። ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል ዞረ፤ ወደ እኛ አቅጣጫም ዘይላና መቋዲሾ ደርሷል። ከላይ ያነሳኋት ማልዲቭስ ደግሞ ቃዲ አድርጋው ነበር። እዚያ የአገሩ ሴቶች ከወገብ በላይ ሳይሸፈኑ ሲሄዱ አይቶ ሊያስተካክል ሞከረ፤ ከችሎቱ ውጭ ግን እንዳልተሳካለት ራሱ ተናግሯል። ሕዝቡ ሙስሊም ነው፤ ልማዱ ሌላ ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ነገር ነው፤ «ሙስሊም አገር ከሆነ ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ያኔም አልሠራም።

ጽሑፉን የላከችልኝ ወዳጄ ለዒድ ከእናቷ ጋር ኢስታንቡል ልትሄድ ነው። ሆቴል ገና አልያዘችም። ክርክሩን ትቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ ገንዘብ ሳትከፍይ በፊት ደውይ። ሥጋውን ከየት እንደሚያመጡ ጠይቂ። ወጥ ቤቱ ምስክር ወረቀት ካለው ፎቶውን ይላኩልሽ። ገንዳ አለን ካሉሽ ለሴቶች ስንት ሰዓት እንደሆነና በቡርኪኒ መዋኘት ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ ይመልሱልሽ። «እኛ ሙስሊም አገር ነን፣ አትስጊ» ካሉሽ አመስግኚያቸውና ጥያቄሽን ድገሚው።